ሴቴና ወንዴ በራውተር፦ ጂጉን ሠርቶ ልክ የሚገጥም መጋጠሚያ ማውጣት

ራውተር (እንጨት የሚቦረቡር ማሽን) ገዝታችሁ፣ ፑንታ (የሚቆርጠውን ብረት) አስራችሁ፣ የጠረጴዛ እግር ላይ ሴቴ፣ ማለትም ወንዴው የሚገባበትን ጉድጓድ፣ ለማውጣት ሞከራችሁ። ጉድጓዱ አንዱ ጫፍ ሰፋ፣ ሌላው ጠበበ። አንዱ እግር ከሌላው በ2 ሚሊ ተለያየ። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ከወጣት አናጢዎች በብዛት የምሰማው ይህንን ነው። ራውተር በእጅ ብቻ ይዘውት ቀጥ ብሎ አይሄድም። የሚመራው ጂግ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ቤት ፎርማ ይሉታል።

እዚህ የምንሠራው ጂግ ከቁራጭ ኮምፔንሳቶ፣ ፕላይውድ ከምትሉት፣ የሚወጣ ነው። እግሩ ላይም፣ እግሮቹን የሚያያይዘው አግዳሚ ላይም ሴቴ እናወጣበታለን። ወንዴውን፣ ማለትም ሴቴው ውስጥ የሚገባውን ምላስ፣ ለብቻው ሠርተን መሐል እንሰካዋለን። ይህን የመረጥኩት ብዙ ሰው የሚቸገረው አግዳሚው ጫፍ ላይ ወንዴ ሲያወጣ ስለሆነ ነው። በተሰኪ ምላስ ግን አንድ ጂግ ሁሉንም ይጨርሳል። በደንብ ከገጠመ ጥንካሬው ያው ነው።

ምሳሌያችን ጠረጴዛ ነው። እግሩ 60 በ60 ሚሊ። አግዳሚው ውፍረቱ 30፣ ስፋቱ 80 ሚሊ። ሴቴው 10 ሚሊ ስፋት፣ 60 ሚሊ ርዝመት፣ 32 ሚሊ ጥልቀት ይኖረዋል።

ደረጃ 1፦ እንጨቱን አዘጋጁ

ጂግ የተጣመመ እንጨት አያቃናም። እንዲያውም ጠማማነቱን ወደ መጋጠሚያው ይወስደዋል።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ አትሥሩ። ዛሬ ልክ የገጠመው በወሩ ይላላል፣ ወይም ይሰነጠቃል። የእርጥበት መለኪያ ከሌላችሁ አንድ ቁራጭ በየሳምንቱ መዝኑ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም አካባቢው አየር ላይ ደርቋል ማለት ነው። ጠረጴዛው ጣርማ በርን ወርዶ ቆላ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ታገሡ። ደጋ ላይ የደረቀ እንጨት እዚያ ሲደርስ እንደገና ይንቀሳቀሳል።

1. ሁሉንም እግር በአንድ ጊዜ ላጉ። ሁሉንም አግዳሚም በአንድ ጊዜ።
2. በስኳድራ አረጋግጡ። ሁለት ጎረቤት ፊቶች ፍጹም ቀጥና እርስ በርስ 90 ዲግሪ መሆን አለባቸው።
3. ጠረጴዛው ሲቆም ወደ ውጭ የሚያዩትን ሁለቱን ፊቶች ምረጡ። በእርሳስ ትልቅ አድርጋችሁ «ውጭ» ብላችሁ ጻፉባቸው።
4. አግዳሚውም ላይ ውጪኛውን ፊት ጻፉበት።
5. የእግሩን አናት 20 ሚሊ አስረዝሙት። ሴቴው ለአናቱ ቅርብ ስለሆነ ትርፍ ከሌለው ይሰነጠቃል። ትርፉ ኮላው ከደረቀ በኋላ ይቆረጣል።

«ውጭ» ያላችሁት ፊት መነሻ ፊት ነው። ከዚህ በኋላ የጂጉ መደገፊያ፣ ማለትም ከጂጉ ሥር የምናስረው ቀጥ ያለ እንጨት፣ ሁልጊዜ እሱ ላይ ይለጠፋል። ሌላ ፊት ላይ በፍጹም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ። እኔ አንድ ጊዜ አራት እግር ጨርሼ አራተኛው ላይ መደገፊያውን ውስጠኛው ፊት ላይ አድርጌው ኖሯል። ሴቴው 20 ሚሊ ወደ ውስጥ ገባ። ያየሁት ኮላ ልቀባ ስል ነው። ምልክት ብጽፍበት ኖሮ አልሳሳትም ነበር።

ደረጃ 2፦ ራውተሩንና ፑንታውን ፈትሹ

ስፕሪንግ ያለው፣ ወደ ታች የሚጫን ራውተር ያስፈልጋችኋል። ፑንታው 10 ሚሊ፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉም የሚቆርጥ ይሁን። ጎኑ ብቻ የሚቆርጥ ፑንታ ወደ ታች ሲጫን አይገባም፤ እንጨቱን ያቃጥላል።

ከራውተሩ ሥር የሚታሰር፣ አጭር አንገት ያለው የብረት ቀለበት አለ። መሪ ቀለበት እንበለው። ፑንታው በመሐሉ ያልፋል፤ አንገቱ ደግሞ የጂጉን ጠርዝ ተደግፎ ይሄዳል። እዚህ የምጠቀመው የውጭ ስፋቱ 16 ሚሊ የሆነውን ነው። የናንተ ሌላ ከሆነ ችግር የለም፣ ሂሳቡ ደረጃ 3 ላይ አለ።

ማስጠንቀቂያዎቹን በደንብ አንብቡ።

የፑንታው ዘንግና የራውተሩ ኮሌት፣ ማለትም ፑንታውን የሚነክሰው መያዣ፣ አንድ ልክ መሆን አለባቸው። ገበያ ላይ 6 ሚሊም አለ፣ 6.35 ሚሊም አለ። 12 ሚሊም አለ፣ 12.7 ሚሊም አለ። በዓይን አይለዩም። 6ቱን 6.35 ውስጥ አጥብቃችሁ ብታስሩት የያዘ ይመስላል። በደቂቃ 20,000 ጊዜ ሲዞር ግን ይወጣል። በካሊበር (ውፍረት መለኪያ) ሳትለኩ አትግዙ።

ዘንጉን እስከ መጨረሻው አስገቡና ከ2 እስከ 3 ሚሊ መልሳችሁ ሳቡት፤ ከዚያ እሰሩ። ታች ነክቶ ከታሰረ እየሠራችሁ ይላላል። ቢያንስ 20 ሚሊ የሚሆነው ዘንግ ኮሌቱ ውስጥ መቅረት አለበት።

ፑንታ ስትቀይሩ ሶኬቱን ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ጋቢ ደርባችሁ፣ ፎጣ አንገታችሁ ላይ ጥላችሁ ራውተር አታስነሡ። ጓንትም አታድርጉ። የሚዞር ፑንታ ጫፉን ካገኘ እጅን ጭምር ነው የሚስበው። ጠባብ ሹራብ ልበሱ፣ እጅጌውን ሰብስቡ። መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና የአፍ መሸፈኛ ግድ ነው።

መብራት መሐል ላይ ከጠፋ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ። «ይመጣል» ብላችሁ እንዳለ ትታችሁት ከሄዳችሁ፣ ሲመጣ ራውተሩ ብቻውን ተነሥቶ ከጠረጴዛ ይዘላል።

ደረጃ 3፦ ሂሳቡን ሥሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መሪ ቀለበቱ ከፑንታው ይሰፋል። ስለዚህ ፑንታው የጂጉን ጠርዝ አይነካም፣ ከጠርዙ ይርቃል። ርቀቱ የሁለቱ ልዩነት ግማሽ ነው።

16 ሲቀነስ 10፣ 6 ይሆናል። ግማሹ 3። ፑንታው ከጠርዙ በየአቅጣጫው 3 ሚሊ ይርቃል ማለት ነው።

የጂጉ ክፍተት ስፋት ከመሪ ቀለበቱ ጋር እኩል ነው፦ 16 ሚሊ።

የጂጉ ክፍተት ርዝመት የምትፈልጉት የሴቴ ርዝመት ሲደመር ልዩነቱ ነው፦ 60 ሲደመር 6፣ 66 ሚሊ።

ቀለበታችሁ 20 ሚሊ ከሆነ ልዩነቱ 10 ነው። ክፍተቱ 20 በ70 ይሆናል። በዚሁ መንገድ ለማንኛውም ልክ አስሉት።

አሁን የእግሩን ሂሳብ። ከሁለት ጎን የሚገቡት ሴቴዎች እግሩ ውስጥ እንዳይጋጩ አስቡ። የሴቴው መሐል ከውጪኛው ፊት 20 ሚሊ ላይ ነው። ስለዚህ ሴቴው ከ15 እስከ 25 ሚሊ ያለውን ቦታ ይይዛል። ሌላኛው ሴቴ ከወዲያ 32 ሚሊ ሲገባ፣ 60 ሲቀነስ 32፣ ከውጪኛው ፊት 28 ሚሊ ላይ ይቆማል። በ25 እና በ28 መሐል 3 ሚሊ እንጨት ይቀራል። በቃን። እግራችሁ 45 ሚሊ ብቻ ቢሆን ግን በዚህ ጥልቀት ሁለቱ ይገናኛሉ። ያኔ ጥልቀቱን ከ20 ሚሊ በታች አድርጉ።

ደረጃ 4፦ ጂጉን ሥሩ

ክፍተቱን ከአንድ ጣውላ ላይ ለመቦርቦር አትሞክሩ። በትራፓኖ በስታችሁ በመሮ ብታስተካክሉት ቀጥ አይልም። ይልቅ ከአራት ቁራጭ ገጣጥሙት። ክፍተቱ ራሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

የሚያስፈልገው ባለ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ነው። ችፑድ አይሁን፣ ጠርዙ ይፈረፈራል።

1. 300 በ70 ሚሊ የሆኑ ሁለት ጎኖች ቁረጡ። ወደ መሐል የሚያዩት ጠርዞች ፍጹም ቀጥ ይሁኑ። ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን ካሳለፈ መላጊያ አስነኩት።
2. ስፋታቸው ልክ 16 ሚሊ፣ ርዝመታቸው 117 ሚሊ የሆኑ ሁለት መሐል ገቦች ቁረጡ። 117 ሲደመር 66 ሲደመር 117፣ 300 ይሞላል።
3. ኮላ ሳትቀቡ ደርድሩትና በሞርሳ አጥብቁ። መሪ ቀለበቱን ክፍተቱ ውስጥ አስገብታችሁ አንሸራቱ። ሳይቆም መሄድ አለበት፣ ግራና ቀኝ ግን መንቀጥቀጥ የለበትም።
4. ከጠበቀ መሐል ገቦቹን ቀይሩ። ከላላ አንድ ሁለት ጊዜ በመላጊያ አስነኳቸው። ይህን ሳትጨርሱ ወደ ኮላ አትሂዱ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅባችሁም ይፍጅ።
5. ኮላ ቀብታችሁ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጋችሁ በሞርሳ እሰሩ። ሥሩ ላስቲክ አንጥፉ። ከክፍተቱ ውስጥ የወጣውን ኮላ ሳይደርቅ ጥረጉ።
6. ሲደርቅ የክፍተቱን ርዝመት መሐል ፈልጉ። ከክፍተቱ ጫፍ 33 ሚሊ ላይ ነው። በስኳድራ ሁለቱንም ጎኖች የሚያቋርጥ መስመር በቢላ ጫሩ። በእርሳስ አታሥምሩት፣ ይጠፋል።
7. መደገፊያውን አዘጋጁ። 300 ሚሊ ርዝመት፣ 30 ሚሊ ውፍረት፣ 60 ሚሊ ቁመት ያለው፣ የደረቀና ቀጥ ያለ እንጨት ይሁን።
8. መደገፊያውን ከጂጉ ሥር አድርጉት። ፊቱ ከክፍተቱ ጠርዝ 12 ሚሊ ይራቅ። 12 ሲደመር የክፍተቱ ግማሽ 8፣ 20 ይሆናል። ከክፍተቱ ጋር ትይዩ መሆኑን ሁለቱም ጫፍ ላይ ለኩ። ከላይ በብሎን እሰሩ፤ የብሎኑ ራስ ጠልቆ ይግባ። ከወጣ ራውተሩ ይደናቀፍበታል።
9. የመሐሉን መስመር በመደገፊያው ፊት ላይም አውርዱት።

አሁን የመሪ ቀለበቱን አንገት ተመልከቱ። ከ12 ሚሊ ማጠር አለበት። ከረዘመ ታች ያለውን እንጨት ይነካና ራውተሩ ጂጉ ላይ አይተኛም። በብረት መጋዝ አሳጥሩት፣ በሞረድ አስተካክሉት።

በመጨረሻ ስፋቱ 5 ሚሊ የሆነ፣ እንደ መደገፊያው የረዘመ ቁራጭ አዘጋጁ። አግዳሚው ላይ ያስፈልገናል።

ደረጃ 5፦ ቁራጭ ላይ ሞክሩ

እንደ እግሩ 60 በ60 የሆነ የማያስፈልግ ሞራሌ ፈልጉ። ጂጉን እሰሩበትና ከታች እንደተጻፈው አንድ ሴቴ አውጡ። በካሊበር ስፋቱን ሦስት ቦታ ለኩ፦ ሁለቱ ጫፍና መሐሉ። ሦስቱም 10 ሚሊ ከሆኑ ቀጥሉ። ካልሆኑ መጨረሻው ላይ ያለውን «ሲበላሽ» አንብቡ። ሙከራውን የሚዘል ሰው እግሩን ነው የሚሞክርበት።

ደረጃ 6፦ እግሮቹ ላይ ሴቴውን ቁረጡ

1. ትርፉን ሳትቆጥሩ ከእግሩ እውነተኛ አናት 40 ሚሊ ለክታችሁ አሥምሩ። ይህ የሴቴው መሐል ነው።
2. የጂጉን መደገፊያ «ውጭ» ያላችሁት ፊት ላይ ለጥፉ። የጂጉን መስመር ከእርሳሱ መስመር ጋር አጋጥሙ።
3. ሁለት ሞርሳ እሰሩ። ሞርሳው ከጂጉ በታች ሆኖ መደገፊያውንና እግሩን አንድ ላይ ይንከስ። ከላይ ከታሰረ ራውተሩ ይጋጨዋል።
4. ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ ራውተሩን በእጃችሁ ከጫፍ ጫፍ አንቀሳቅሱ። ወደ ታችም ጫኑት። ኮሌቱ መሪ ቀለበቱን የሚነካው ከሆነ ረዘም ያለ ፑንታ ያስፈልጋል።
5. ጥልቀቱን አስተካክሉ። ፑንታው እግሩን እስኪነካ አውርዳችሁ ቆልፉ። ልኩ 32 ሚሊ የሆነ ቁራጭ በጥልቀት ማቆሚያው ዘንግና በማረፊያው መሐል አስገቡ፣ ዘንጉን አጥብቁ፣ ቁራጩን አውጡ። በሜትር ከመለካት ይህ ይሻላል።
6. አስነሡ። ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ጠብቁ።
7. መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች ቀዳዳ አድርጉ። ጥቂት አውርዱ፣ አንሡ፣ እንደገና አውርዱ። እያነሣችሁ ብናኙን አስወጡ።
8. ከዚያ መሐሉን በየዙሩ 4 ሚሊ እየወረዳችሁ ጥረጉ። 32 ሚሊ በስምንት ዙር ያልቃል። በሁለት ዙር ለመጨረስ አትሞክሩ።
9. ወደ ፊት እየገፋችሁ ብቻ ቁረጡ። ፑንታው ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር፣ ወደ ፊት ስትገፉት ወደ ግራ ይሳባል። ስለዚህ ግራውን ጠርዝ ተደግፋችሁ ሂዱ። ፑንታውን አንሥታችሁ ተመለሱ፤ ስትመለሱ አትቁረጡ።
10. የራውተሩን እጀታ አቅጣጫ አትቀይሩ። መጀመሪያ ገመዱ ወደ እናንተ ከሆነ እስከ መጨረሻው እንደዚያው ይሁን።
11. አጥፉ። ፑንታው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ራውተሩን ከጂጉ ላይ አታንሡ።

ጆሯችሁንና ዓይናችሁን ተጠቀሙ። ደህና ሲቆርጥ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚወጣውም ብጥስጣሽ ፍቅፋቂ ነው፣ በጣት ሲይዙት ይሰማል። ድምፁ ሲወፍርና የሚወጣው እንደ ዱቄት ሲልም፣ ሽታው ደግሞ ወደ ጭስ ሲሄድ አቁሙ። ፑንታው ደንዟል ወይም በጣም ቀስ ብላችኋል። ወይም ኃይሉ ወርዷል። ቀጭንና ረጅም ማራዘሚያ ገመድ ኃይሉን ይበላል። ወፍራምና አጭር ተጠቀሙ፣ ጥቅልሉንም ዘርጉት።

ሁለተኛው ሴቴ ላይ ጂጉ ይገለበጣል። አናቱ ያለበት ወገን ይቀየራል። አትደናገጡ። የጫራነው መስመር መሐል ላይ ስለሆነ በሁለቱም በኩል እኩል ይሠራል። መደገፊያው «ውጭ» ላይ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ደረጃ 7፦ አግዳሚው ጫፍ ላይ

አግዳሚውን ሞርሳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ጫፉ ወደ ላይ ይሁን።

የ5 ሚሊውን ቁራጭ በመደገፊያውና በአግዳሚው «ውጭ» ፊት መሐል አስገቡ። አግዳሚው 30 ሚሊ ስለሆነ መሐሉ 15 ላይ ነው። 15 ሲደመር 5፣ 20። ሴቴው ልክ መሐሉ ላይ ይወድቃል። ጠረጴዛው ሲገጠም ደግሞ አግዳሚው ከእግሩ ፊት 5 ሚሊ ገባ ይላል። ያ ጥላ ያምራል፣ ትንሽ ስሕተትም ቢኖር አይታይም።

የአግዳሚው ስፋት 80 ነው፤ መሐሉ 40 ላይ አሥምሩ። ከላይኛው ጠርዝ ለኩ፣ ሁልጊዜ ከላይኛው።

30 ሚሊ ጫፍ ላይ ራውተር ሚዛኑን ይስታል። ስለዚህ ከአግዳሚው ጀርባ አንድ ወፍራም ሞራሌ አብራችሁ እሰሩ። አናቱ ከአግዳሚው ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። ጂጉ በሁለቱ ላይ ይተኛል። ሌላው እንደ እግሩ ነው።

ደረጃ 8፦ ምላሱን ሥሩ

ከእግሩ ጋር አንድ ዓይነት ወይም የበለጠ ጠንካራ፣ በደንብ የደረቀ እንጨት ውሰዱ። ክሩ በርዝመቱ የሚሄድ ረጅም ዘንግ አድርጋችሁ ላጉ፦ ውፍረት 10፣ ስፋት 58 ሚሊ። ሁለቱን ጠባብ ጠርዞች በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት አክቡ። ከዚያ ርዝመቱን በየ60 ሚሊው ቁረጡ።

ውፍረቱን በካሊበር ብቻ አትመኑ፤ በሴቴው ሞክሩት። በእጅ ሲገፉት የሚገባ፣ ወደ ታች ሲያንጠለጥሉት የማይወድቅ ይሁን። መዶሻ ከፈለገ ጠብቋል። ኮላው ሲያረጥበው ያብጣል፣ እግሩንም ይሰነጥቃል። ስፋቱን በ2 ሚሊ ያሳነስነው አግዳሚውን ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽ ለማስተካከል እንዲመች ነው።

ሁለቱ ሰፊ ፊቶች ላይ በመጋዝ ጫፍ ስስ መስመር በርዝመቱ አውጡ። ታምቆ የቀረው ኮላ በእሱ ይወጣል።

ደረጃ 9፦ ኮላና እሰራ

ኮላ ሳትቀቡ ሙሉውን ጠረጴዛ አንድ ጊዜ ገጥሙት። ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች ለኩ፤ እኩል ከሆኑ ጠረጴዛው ቀጥ ብሏል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ነጭ ኮላ ደግሞ ብርድ አይወድም። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። የያዘ ይመስላል፣ ግን አልያዘም። ስለዚህ በነዚህ ወራት ማታ ኮላ አትቀቡ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምራችሁ ፀሐይ እያለ ጨርሱ። ኮላውንም እንጨቱንም ከዋዜማው ቤት ውስጥ አሳድሩ። የታሰረውንም ውጭ አታሳድሩት።

ኮላውን ሴቴው ግድግዳ ላይም ምላሱ ላይም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የሴቴውን ወለል አትሙሉት። እሰሩ፣ ሰያፉን እንደገና ለኩ፣ እስከ ማግሥቱ አትንኩት።

ሲበላሽ

*ሴቴው ከ10 ሚሊ በላይ ሰፋ።* መሪ ቀለበቱ ክፍተቱ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነው። የክፍተቱ አንድ ጠርዝ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና እንደገና ሞክሩ። ቀለበቱ ራሱ ላልቶም ሊሆን ይችላል፤ ብሎኖቹን አጥብቁ።

*ስፋቱ ትክክል ነው፣ ቦታው ግን ተንሸራተተ።* ፑንታው የቀለበቱ መሐል ላይ አይደለም። የቀለበቱን ብሎኖች አላሉ፣ ፑንታው ዙሪያውን እኩል እስኪርቅ አስተካክሉ፣ አጥብቁ።

*እየሠራችሁ ጥልቀቱ ጨመረ።* ፑንታው እየወረደ ነው። ወዲያው አቁሙ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። ኮሌቱን በደረቅ ጨርቅ አጽዱ። ካጸዳችሁትም በኋላ ከወረደ ኮሌቱ አርጅቷል፤ ቀይሩት።

*የሴቴው አፍ ተቧጠጠ።* ባሕር ዛፍ ላይ ይበዛል። ከመቁረጣችሁ በፊት የሴቴውን ዙሪያ በስለታም ቢላ ጫሩት።

*ራውተሩ መሐል ላይ ተደናቀፈ።* ክፍተቱ ብናኝ ይዟል። በኃይል አትግፉት። አጥፉ፣ በብሩሽ ጥረጉ፣ ቀጥሉ።

*ሴቴው የተሳሳተ ቦታ ላይ ወጣ።* እንጨቱን አትጣሉት። ክሩ በእግሩ ርዝመት የሚሄድ ቁራጭ ለሴቴው ልክ አድርጋችሁ ላጉ፣ ጫፎቹን አክቡ፣ በኮላ ሙሉት። አንድ ቀን ሙሉ አድርቁት። በመላጊያ ደልድሉት፣ ከዚያ ጂጉን ትክክለኛው ፊት ላይ አስራችሁ እንደገና ቁረጡ። የእኔም አራተኛ እግር የዳነው እንደዚህ ነው።